የዘጌ ነው?

እናቴ ጌሾ ስትገዛ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቅጠሉን በመዳፏ አሸት አድርጋ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋና ቀና ብላ «የዘጌ ነው?» ትላለች። ነጋዴዋም ዓይኗን ሳታሽ «ታዲያ የማን ሊሆን ነው?» ትላታለች። በባሕር ዳር ገበያ ዘንቢል ተሸክሜ ከእናቴ ኋላ ስከተል ባደግሁባቸው ዓመታት ሁሉ «አይ፣ የዘጌስ አይደለም» ያለች ነጋዴ አልገጠመችኝም። ቡናውም የዘጌ ነው፤ ሎሚውም የዘጌ ነው። በአንድ ቅዳሜ ብቻ የዘጌ ተብሎ የሚሸጠው ጌሾ ቢሰበሰብ ዘጌን ራሷን ሳይቀብራት አይቀርም። እናም ዘጌ የቦታ ስም መሆኑን ከማወቄ በፊት የጥራት ስም መሆኑን ዐወቅሁ።

ቦታው ግን አለ። ከባሕር ዳር በስተሰሜን ምዕራብ ወደ ጣና ሐይቅ የገባ፣ ደን የለበሰ ልሳነ ምድር ነው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ በመኪና ዞሮ መግባትም ይቻላል። በከተማው ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ወደ ማዶ የተመለከተ ሰው ጥቁር አረንጓዴ ጉብታ ያያል፤ እርሷ ናት። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ ሰው የሐሩር ክልል ሲባል የሚጠብቀው ወበቅ የለባትም። ከምድር ወገብ ያላት ርቀት ግን ከ12 ዲግሪ አይሞላም፤ ዛፏም፣ ጦጣዋም፣ ከጥላው ሥር ያለው እርጥበትም ይህንኑ ይመሰክራል።

«ዘጌን ማን የማያውቅ አለ?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ስለ ጣና ገዳማት የሚያወራ ሁሉ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሳይጠራ አያልፍም። እኔ የማወራው ግን ስለ ገዳሙ አይደለም። በዚያው ልሳነ ምድር ላይ አፋፍ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ሰው የሚወለድባት፣ ዘይት የሚሸጥባት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያረፍድባት። በአስተዳደር ረገድ በባሕር ዳር ከተማ ሥር ናት፤ እንደ ጢስ ዓባይና እንደ መሸንቲ ሁሉ «ሳተላይት ከተማ» ትባላለች። ይህን ስም ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም ሳያስበው እውነት ተናግሯል። ሳተላይት የሚዞር ነገር ነው፤ ዓይኑ ሁልጊዜ ወደ መሐል ነው፤ መሐሉ ግን እርሱን ቀና ብሎ አያይም።

እኔም አላየኋትም ነበር። መጀመሪያ ዘጌን የረገጥሁት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። አስተማሪዎቻችን በአንድ ጀልባ ጠቅጥቀው ወሰዱን። ከወደቡ ወረድን፣ ሽቅብ ወጣን፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገባን፣ በመቅደሱ ዙሪያ ያሉትን ሥዕሎች አየን፣ ቁልቁል ወረድን፣ ተመለስን። ከዚያ ቀን የቀረልኝ በላዔ ሰብእ ብቻ ነው። 78 ሰው በልቶ፣ በጥም ለተቃጠለ አንድ ድውይ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ በመስጠቱ የዳነው ሰውዬ። ነፍሱ በሚዛን ላይ ስትሰቀል አየሁና ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ያስጨነቀኝ የሰውዬው ኃጢአት አልነበረም። ስለተበሉት 78 ሰዎች ማንም ምንም አለማለቱ ነበር። አስተማሪያችንን ብጠይቀው «ዝም በል» አለኝ። ዙሪያችንን የከበበውን ደን ግን ማንም እንድናይ አልነገረን፤ እንደ መጋረጃ ቆጥረነው አለፍን።

ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ አለፈ። ከአዲስ አበባ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጀልባ እከራያለሁ። መንገዱ ዳርና ዳር የእንጨት መስቀል፣ በብራና ላይ የተሣለ መልአክ፣ የእጅ መዳፍ የምታህል የደንገል ታንኳ የሚሸጡ ልጆች ተደርድረዋል። እንግዶቼ ፎቶ ያነሣሉ፣ ጥቂት ይከራከራሉ፣ ይገዛሉ። ጀልባ ነጂው ሰዓቱን ያያል። በአንድ ሰዓት ተኩል ሁሉም ነገር ያልቃል። ባሕር ዳር ተወልጄ፣ ባሕር ዳር አድጌ፣ ዘጌ ውስጥ አንዲት ሌሊት አድሬ አላውቅም ነበር።

ያደርሁት በታኅሣሥ 2012 ነው። ምክንያቱም የማይረባ ነበር። እናቴ ለጥር 21 ማኅበር ጠላ ልትጠነስስ ተነሥታ፣ ከገበያ የገዛችው ጌሾ አልጥም ብሏት ስትነጫነጭ ሰማኋት። «እኔ ራሴ ከዘጌ አመጣልሻለሁ» አልኋት። «አንተ ጌሾ መግዛት ታውቅበታለህ?» አለችኝ። ነገሩ እልህ ሆነ። አፋፍ ውስጥ ዘመዶቻችን የሚያውቋቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ወደ እርሳቸው ተላክሁ።

የሄድሁት በጎብኚ ጀልባ ሳይሆን የአገሩ ሰው በሚሳፈርበት ነው። ልዩነቱን ያወቅሁት ገና እንደተቀመጥሁ ነበር። የጎብኚ ጀልባ ባዶውን ሄዶ ባዶውን ይመለሳል፤ ይህኛው ግን እስከ አፉ ጭነት ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ እግሬ ላይ ተቀመጠ። ከጎኔ ያለችው ሴት በአንድ እጇ ሕፃን፣ በሌላው ሽንኩርት ይዛለች። በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ጋዝ። «ይህ ሁሉ እህል ወዴት ነው?» አልኋት። እንደ ሞኝ አየችኝ። «እኛ እናርሳለን እንዴ?» አለች።

አያርሱም። የሄድሁበትን አገር የሠራው ይህ አንድ ቃል ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ ይቀዳል።

አሮጊቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ አጭር፣ ወሬያቸው እንደ እጃቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ታሪኩን ከዚያ በፊት ከአስጎብኚዎች በቁንጽል ሰምቼዋለሁ፤ እርሳቸው ግን የጎረቤታቸውን ነገር እንደሚያወሩ አድርገው ነገሩኝ። አቡነ በትረ ማርያም ወደ ዘጌ መጡ። ሰው ምን ይብላ ብለው ጸለዩ። በትራቸውን ለሦስት ሰብረው እንዲተክሉ ተነገራቸው፤ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። ቃል ኪዳንም ተሰጠ፤ የዘጌ ሰው ከእነዚህ ይኖራል፤ መሬቱን በሞፈር አይሰነጥቅም፤ ከብት፣ ፈረስ፣ አህያ አያረባም። «ጥጃ እንኳ?» አልኋቸው። «ጥጃ ላም ይሆን የለም?» አሉኝ።

በማግስቱ ማለዳ ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ በጆሮዬ ገባኝ። ስነቃ አንድ ነገር ጎድሎኛል፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ዶሮ ይጮኻል፣ ወፍ ይንጫጫል፣ የቅዳሴ ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። ላም ግን አያገሣም። አህያ አያናፋም። የከብት ማገጃ፣ የፋንድያ ሽታ፣ የጅራፍ ድምፅ የለም። በጎጃም ምድር እንዲህ ያለ ማለዳ ሰምቼ አላውቅም። ቁርስ ላይ ወተት አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁና የቤቱ ልጆች ቀኑን ሙሉ ሳቁብኝ።

አህያ በሌለበት አገር ጭነቱን ማን ይሸከማል? ይህንም ከመስኮቱ አየሁት። ሴቶች ናቸው። ያ እግሬ ላይ ተቀምጦ የመጣው ጤፍ ከወደቡ ወደ ቤት የገባው በሴት ጀርባ ነው። ቃል ኪዳኑ ከብትን ሲያሳርፍ ሰውን እንዳላሳረፈ የሚናገር አስጎብኚ እስካሁን አልሰማሁም።

ቢሆንም ደኑን ያቆመው ያ ሕግ ነው፤ ይህን የማይቀበል ሰው ሄዶ ይይ። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አገር በቀል ደን የቀረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው፤ ከአውሮፕላን ሲታይ በእርሻ መካከል እንደ ተጣለ አረንጓዴ ቁልፍ ይመስላል። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። በሬ ያርሳል፤ የታረሰው ዳገት በክረምት ይታጠባል። ከብት ይግጣል፤ የተጋጠው ችግኝ ዛፍ አይሆንም። ዘጌ ላይ ሁለቱም በአንድ ቃል ታገዱ። ሞፈር ሥሩን አይነቅልም፤ ከብት ቡቃያውን አይቀጥፍም። እንዲህ ያለውን ነገር የዛሬ ባለሙያ ቢጽፈው ሠላሳ ገጽ ጥናት ይሆናል፤ በትረ ማርያም በአንድ በትር ጨረሱት።

አሮጊቷ ወደ ቡናቸው ወሰዱኝ። ማሳ የሚባል ነገር ጠብቄ ነበር፤ የለም። ደን ውስጥ ገባን፤ ደኑ ራሱ ማሳው ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ሾላ፣ ብሳናና ብርብራ ጣራ ሠርተዋል። ከእነርሱ ሥር ቡናው ቀጥኖ፣ ረዝሞ፣ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን አስግጓል። በመደዳ የተተከለ አንድም የለም፤ ፍሬ ከወደቀበት ይበቅላል፣ ባለቤቱ ከዙሪያው አረም ይነቅልለታል። ድንበሩን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። «ይቺ የእኔ ናት፤ ያቺ ግን የእነእንትና ናት» ይሉኛል፤ እኔ በሁለቱ ዛፎች መካከል ቅጠል እንጂ ድንበር አይታየኝም። ከብርብራው ሥር ጠፍጣፋ የደረቀ ገለባውን አንሥተው አሳዩኝ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣን ያፈዝዛል፤ የጣና አጥማጆች ጥንት ይህን ያደርጉ ነበር። «ለዓሣ መርዝ፣ ለቡና ጥላ» አሉ አሮጊቷ። ስለ ዛፍ ሲናገሩ ሁሉንም እንዲህ ነው የሚሉት፤ ይህ ለዚህ፣ ያ ለዚያ። ውብ ነው ሲሉ አልሰማኋቸውም።

ከሰዓት በኋላ ጀንፈል ወቀጡ። በፀሐይ የደረቀው ቡና ከነገለባው ጠቁሮ እንደ ፍየል በጠጥ መስሏል። ልጃቸውና እርሳቸው በአንድ ሙቀጫ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ፤ አንዱ ዘነዘና ሲወርድ ሌላው ይነሣል፤ ሁለቱ ሳይጋጩ በመካከላቸው ወሬው አይቋረጥም። ገለባው ሲላቀቅ ኮምጠጥ፣ ጣፈጥ ያለ፣ የቆየ ጠጅ የሚመስል ሽታ ይወጣል። ከዚያ ሰፌዱ መጣ። አሮጊቷ ሰፌዱን ወዘወዝ፣ ከፍ፣ ነፋ ሲያደርጉት ገለባው በነፋስ ሄዶ አረንጓዴ ግራጫው ፍሬ ብቻ ይቀራል። አንዲት ፍሬ ዘልላ አፈር ላይ ወደቀች። ሰፌዱን አስቀምጠው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት ጣታቸው አንሥተው፣ በቀሚሳቸው ጠርገው መለሷት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ሳፈላ የተበተነ ፍሬ ጠርጌ መጣል አቅቶኛል።

በዚህ ቡና ውስጥ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ብዙ የኦርቶዶክስ ካህናት ቡናን «የእስላም መጠጥ» እያሉ ያወግዙት ነበር። ዘጌ ደግሞ የካህናት አገር ናት። ስለዚህ በገዳም ጥላ ሥር የበቀለውን ቡና የሚጠጡት በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ፤ ነጋዴዎቹም እነርሱ ነበሩ። ካህኑ ያመርታል፣ አይጠጣም፤ ነጋዴው ይጠጣል፣ ያተርፋል። በዚህ የተጎዳ ያለ አይመስልም። ይህን ለአሮጊቷ ብነግራቸው «ዱሮ ሰው ሞኝ ነበር» ብለው ሦስተኛውን ስኒ ቀዱልኝ።

እስከዚህ ድረስ የጻፍሁትን ብቻ ይዤ ብመለስ ኖሮ ደስ የሚል ጽሑፍ ይወጣው ነበር። ቅዱስ፣ በትር፣ ደን፣ ቡና። ግን ከጉዞው በፊት ስለ ዘጌ ያነበብሁት ነገር ነበር፤ ሙቀጫው ሲወቀጥ በልቤ ይመላለስ ነበር። የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታትን ያጠኑ የታሪክ ሰዎች እንደሚያስረዱት፣ እስከ ጣሊያን ወረራ ዋዜማ ድረስ የዘጌ ቡና የሚለማው በባሪያ ጉልበት ነበር። ከባለቤቶቹ መካከል ካህናት ነበሩ። ኢትዮጵያ በ1916 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ የባሪያ ንግድን ለማስቀረት ቃል ገብታ ሕግ አወጣች፤ ባርነትን ሙሉ በሙሉ የሚሽረው አዋጅ ግን የወጣው ከነፃነት በኋላ፣ በ1934 ነው። በሁለቱ ዓመታት መካከል ያለውን ዘመን በደኑ ውስጥ ያሳለፈው ማን እንደሆነ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ አልተሣለም።

ያ የሰባተኛ ክፍል ጥያቄዬ ተመልሶ መጣ። በማታው ከአሮጊቷ ጎረቤት የመጡ አንድ ሸምገል ያሉ ደብተራ ነበሩና «የኔታ፣ ዱሮ ይህን ቡና ማን ነበር የሚለቅመው?» አልኋቸው። መጀመሪያ «ባለቤቱ ነዋ» አሉ። ዝም አልኋቸው። ምንቸቱን አዞሩት፤ ጠላቸውን ጎንጨት አደረጉ። «ያን ጊዜ ሁሉም ቤት ሰው ነበረው» አሉ። ከዚያ ስለ ዘንድሮው የጥምቀት ዝግጅት ማውራት ጀመሩ፤ እኔም ተከተልኋቸው። «ሰው ነበረው» የሚለው አባባል ግን ሌሊቱን ሙሉ ከእኔ ጋር አደረ። ስለ ሰው የተነገረ፣ ሰው የሌለበት ዓረፍተ ነገር።

እነሆ ዘጌ ላይ የምጠላው ቃል «ያልተነካ» ነው። የጉብኝት ወረቀት ላይ ሁልጊዜ አለ፤ «ያልተነካ ደን»። ይህ ደን ተነክቷል። በየአንዳንዱ የቡና ግንድ ዙሪያ ጎንበስ ያለ ሰው ነበር፤ ያኔም፣ አሁንም። ሕጉ ከብትን ከለከለ፤ የከብቱን ሥራ ደግሞ መጀመሪያ ባሪያው፣ በኋላ ሴቲቱ ተሸከሙት። ደኑ በእነርሱ ትከሻ ላይ ነው የቆመው። ይህን ስል የአቡነ በትረ ማርያምን ቃል ኪዳን ማጣጣሌ አይደለም፤ ቃል ኪዳኑ ዋጋ እንደነበረውና ዋጋውን የከፈሉት ሁሉም እኩል እንዳልነበሩ መናገሬ ነው።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ መጣ።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ ወደ ወደቡ ወረድሁ። ሁለት የደንገል ታንኳዎች ሲጫኑ ደረስሁ። ታንኳ እንዴት ውሃ ላይ እንደሚቆም ለማያውቅ፤ ታስሮ የተጠፈጠፈ ደንገል ነው፤ ውሃ ይገባዋል፣ ግን አይሰምጥም፤ እየቆየ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ አውጥተው ያደርቁታል፣ በመጨረሻም ይበሰብሳል፣ ሌላ ይታሰራል። በእነዚህ ላይ የሚጫነው የተፈለጠ ማገዶ ነበር፤ እኩል እኩል ተቆርጦ፣ በሐረግ ታስሮ። «ወዴት ነው?» አልሁ፤ መልሱን እያወቅሁ። «ባሕር ዳር ነዋ» አለኝ ቀዛፊው።

በሐረግ የታሰረ ማገዶ። በልጅነቴ ሐረጉን ፈትቼ ገመድ እዘልበት ነበር። እናቴ ከሐይቅ ዳር ማገዶ ስታስመጣ እስሩን የሚፈታው እኔ ነበርሁ፤ ቅርፊቱ ላይ የተጣበቀውን የዛፍ ሽበት በጥፍሬ እልጠው ነበር። እንጀራችን የተጋገረው፣ ለጠላው የሚሆነው አሻሮ የተቆላው በእርሱ ነበር። ያ እንጨት ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም፤ «ከማዶ» ይባል ነበር። ማዶው ይኸው ነው። እናቴ በመዳፏ እያሸች «የዘጌ ነው?» ብላ የጠየቀችው ጌሾውን ብቻ ነበር፤ እንጨቱን ጠይቃ ቢሆን መልሱ አንድ ጊዜ እንኳ እውነት ይሆን ነበር።

አሮጊቷን ለምን እንጨት እንደሚሸጥ ጠየቅሁ። የከተማ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ እርሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ሒሳቡን ነገሩኝ። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ጌሾ ከዚያ ይሻላል፤ ቅጠሉ ተለቅሞ እንደገና ይመጣል፤ ግን ዋጋው ትንሽ ነው። ጤፍ በየሳምንቱ ይገዛል። ቡና ከተሸጠ ጀምሮ ጤፍ እስኪያልቅ ድረስ ደን ደን ነው። ጤፍ ሲያልቅ ደን ማገዶ ነው። «የወደቀውን ብቻ ነው የምንሸጠው» አሉኝ፤ ቀጥለውም ፈገግ ብለው «በገፍ የሚወድቅበት ዓመት አለ» አሉ። የጤፍ ዋጋ ባለፉት ዓመታት ምን እንደሆነ አንባቢ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ያ ጉዞዬ ከኮሮና በፊት ነበር። ከዚያ በኋላ ወረርሽኙ መጣ፤ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ግጭቱ ወደ ክልላችን ገባ። መስቀል ይሸጡ የነበሩት ልጆች የሚሸጡለት ሰው የለም። እንጨቱ ግን ሁልጊዜ ገዢ አለው።

ገዢዋ ከተማ ደግሞ ያደግሁባት፣ በዐይኔ ስትፈነዳ ያየኋት ናት። በ1950ዎቹ በጣሊያን የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ሲሠሩ ባሕር ዳር የዓሣ መንደር ከመሆን ብዙም አልራቀችም ይባላል። በ1987 ቆጠራ 96 ሺህ ያህል ሰው ነበራት፤ በ1999ኙ ከ155 ሺህ በላይ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም፤ ዓይን ያለው ግን ይቆጥራል። በ2016 ግንቦት በዓባይ ላይ የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ሲሠራ በየሳምንቱ እየሄድሁ አይ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ከተማ ሲሰፋ መንገድ ይመጣል፣ መብራት ይመጣል፣ ሐኪም ይቀርባል። የአሮጊቷ የልጅ ልጅ በምጥ ስትያዝ ጀልባ ሦስት ሰዓት መጠበቅ ነበረባት፤ ስለ ደን ውበት የሚጽፍ ሰው ይህን መርሳት የለበትም።

ነገር ግን ከተማ እጁን የሚዘረጋው በመንገድ ብቻ አይደለም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨረጨራ ላይ በ1988 የሐይቁን ውሃ የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ። ጢስ ዓባይ ላይ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ በ1993 ሥራ ጀመረ። በ1995 ዝናብ ሲጠፋና ውሃው ለኃይል ሲለቀቅ ሐይቁ እስከዚያ ባልታየ መጠን ቀነሰ፤ መርከቦች መንቀሳቀስ አቃታቸው። አሮጊቷ ያን ዓመት ያስታውሳሉ። «ሐይቁ ጥሎን ሄደ» ነው የሚሉት። ታንኳ ለማውጣት ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበት ይገባ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ እኔ ያን ጊዜ ማታ ማታ በመብራት አጠና ነበር።

በሰኔ 2007 ዩኔስኮ ጣናን ተፈጥሮ ከሰው ኑሮ ጋር አብሮ በሚጠበቅባቸው በዓለም የባዮስፌር ሥፍራዎች መዝገብ አስገባው። ጥሩ ነው። አፋፍ ላይ ስለዚህ የጠየቅኋቸው ሰዎች ግን የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነበር፤ ስለ መሬት። የከተማ ክልል ውስጥ መግባት ለአንዱ ካርታ፣ ለአንዱ ሊዝ፣ ለአንዱ ካሳ ማለት ነው። ድንበሩን ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው የቡና ጥላ በካርታ ላይ እንዴት ይሠመራል? አንድ ወጣት «ሎጅ ሊሠራ የሚመጣ ሰው በሬ ይዞ አይመጣም፤ ስለዚህ ቃል ኪዳኑን አልጣሰም» አለኝ። እየቀለደ ይሁን እየተከራከረ ፊቱ ላይ አልታወቀኝም። የበትረ ማርያም ቃል ሞፈርና ቀንበር ይከለክላል፤ ስለ ሲሚንቶ የሚል ነገር የለውም።

በመጨረሻው ሌሊት ከቤቱ በራፍ ተቀምጠን ቡና ጠጣን። መብራት ጠፍቶ ነበር። ከሐይቁ ማዶ ግን ሰማዩ ከሥሩ ነጣ ብሏል፤ ከተማዬ ናት። ከዚያ ወዲያ ሆኜ ዘጌን ጥቁር ጉብታ አድርጌ እንደማያት፣ ከዚህ ሆነው ሲያዩኝ የደበዘዘ ብርሃን ነኝ። አሮጊቷን «ማታ ማታ ያዩታል?» አልኋቸው። «ምኑን?» አሉኝ። በእጄ አመለከትሁ። ቀና ብለው አዩና «ሰው በዝቷል እዚያ፤ መቼም ማገዶ አይበቃቸው» ብለው ጀበናውን አነሡ።

ሲነጋ ጌሾውን ገዛሁ። ቅጠሉ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ የደረቀ፣ አረንጓዴው ያልጠፋ ነው። አሮጊቷ በጣሳ እየሰፈሩ ቆጠሩልኝ፤ ሒሳቡ ሲያልቅ ሁለት እፍኝ ጨመሩና «ይህ ምርቃት ነው» አሉኝ። ከዚያ ምርቃቱን በአፋቸውም መረቁኝ። ግማሽ ኪሎ ቡናም ጨምሬ ገዛሁ። ጀልባው ውስጥ ከረጢቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ፤ የማገዶ ታንኳዎቹ ከእኛ ኋላ ቀስ ብለው ይቀዝፉ ነበር፤ ብዙም ሳንርቅ ከዓይኔ ጠፉ።

እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከረጢቱን ከእጄ ተቀብላ ገና ሳልቀመጥ ፈታችው። ቅጠሉን በመዳፏ አሸት አደረገች፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። እንደገና አሸች፤ እንደገና አሸተተች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ማን ነው የዘጌ ነው ብሎ የሸጠልህ?» አለች።